ዘጠኝ ድምፅ፦ የሃመር ደሮበርት ሕይወት

የፓርላማ አባላቱ በሙሉ ቢሳፈሩ ሁለት ሚኒባስ ታክሲ የማይሞሉበት አገር አለ። ስሙ ናውሩ ነው። ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል፣ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ የሚገኝ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ደሴት። ዙሪያውን በመኪና ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

እንዲህ ባለ ፓርላማ ውስጥ ሂሳቡ ቀላልም አስፈሪም ነው። ወንበሩ 18 ነበር። አንዱ አፈ ጉባኤ ሆኖ ሲቀመጥ 17 ይቀራሉ። ዘጠኝ ለስምንት ማለት ነው። ከዘጠኙ አንዱ ማታ ተኝቶ ጠዋት ሐሳቡን ቀይሮ ከተነሳ መንግሥት ወደቀ።

ዛሬ የማወጋችሁ በዚህ ሂሳብ ውስጥ ዕድሜያቸውን ስላሳለፉ ሰው ነው። ሃመር ደሮበርት ይባላሉ። የናውሩ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ናቸው። አራት ጊዜ ከሥልጣን ወርደዋል፤ ሦስት ጊዜ ተመልሰዋል። ሲወርዱም ሲመለሱም አንድም ጥይት አልተተኮሰም። (በነገራችን ላይ፣ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ሁሉ ከድንጋይ ይጀምራል

ሰውዬውን ለማወቅ መጀመሪያ ድንጋዩን ማወቅ ያስፈልጋል። እንደሚባለው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲድኒ ውስጥ አንድ የንግድ ኩባንያ ከናውሩ የመጣ ድንጋይ ለበር ማቆሚያ ይጠቀም ነበር። አልበርት ኤሊስ የተባለ ሠራተኛ ድንጋዩን አስመረመረው። ውጤቱ ፎስፌት ሆኖ ተገኘ፤ ያውም በጥራቱ ከዓለም አንደኛ ከሚባሉት የሚመደብ።

ፎስፌት የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ ነው። ገበሬዎቻችን ዳፕ የሚሉትን ማዳበሪያ ካወቃችሁ፣ እዚያ ውስጥ ካሉት ሁለት ዋና ንጥረ ነገሮች አንዱ የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነት ድንጋይ ነው። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ደሴት በአንድ ጊዜ የብዙ አገር ዓይን ማረፊያ ሆነች።

ደሴቷ በወቅቱ በጀርመን ሥር ነበረች። ቁፋሮው በ1906 አካባቢ ተጀመረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አውስትራሊያ ያዘቻት። ከጦርነቱ በኋላ ብሪታንያ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ አንድ የጋራ ድርጅት አቋቁመው ፎስፌቱን ለገዛ ገበሬዎቻቸው ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ ያወጡት ጀመር። የመሬቱ ባለቤት የሆነው ናውሩአዊ መጀመሪያ ላይ ለአንድ ቶን የሚያገኘው ግማሽ ፔኒ ነበር። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፤ አንዲት ፔኒ እንኳን ሳትሞላ።

ሃመር ደሮበርት ሴፕቴምበር 25 ቀን 1922 የተወለዱት እዚህ ውስጥ ነው። ደሴታቸው በየቀኑ በመርከብ እየተጫነች ስትሄድ እያዩ አደጉ። ለትምህርት አውስትራሊያ ተልከው በጊሎንግ ከተማ ተማሩ። ተመልሰውም አስተማሪ ሆኑ።

ከ1,200ው ጋር

በኦገስት 1942 የጃፓን ጦር ናውሩን ያዘ። በቀጣዩ ዓመት 1,200 ናውሩአውያን በመርከብ ተጭነው ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው ትሩክ (ዛሬ ቹክ ይባላል) ተወሰዱ። ደሮበርት አንዱ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃያ ቢሆን ነው።

እዚያ የጠበቃቸው የጉልበት ሥራ፣ ረሃብ፣ በሽታና ከሰማይ የሚወርድ ቦምብ ነበር። ጦርነቱ አልቆ መርከቡ ወደ ናውሩ የመለሳቸው ጃንዋሪ 31 ቀን 1946 ነው። ከ1,200ው የተመለሱት 737 ብቻ ነበሩ። ከአሥር ሰው አራቱ ገደማ ቀርቷል ማለት ነው።

ቁጥሩ ለናውሩአውያን ምን ትርጉም እንዳለው ለመረዳት አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ በፊት በወረርሽኝ ብዛት ሕዝቡ እንዳይጠፋ ስለተፈራ፣ ዘር ለማትረፍ ቢያንስ 1,500 ሰው መድረስ አለብን ብለው ያምኑ ነበር። በ1932 ቁጥሩ ሲሞላ በዓል አደረጉት፤ እስከ ዛሬ ይከበራል። ጦርነቱ ከዚያ ቁጥር በታች መለሳቸው። እንደገና 1,500 የሞሉት በ1949 ነው።

ይህን ያየ ወጣት ወደ ፖለቲካ ሲገባ ጥያቄው የሥልጣን ብቻ አይሆንም። እንደ ሕዝብ መኖር አለመኖር ነው።

ደሴት እንስጣችሁ፣ ሂዱ

በ1955 ደሮበርት ለናውሩ የአካባቢ አስተዳደር ምክር ቤት ተመረጡ። ብዙም ሳይቆዩ ዋና አለቃ ሆኑ። ምክር ቤቱ ግን ስሙ ነው እንጂ አቅም አልነበረውም። አስተዳዳሪው አውስትራሊያዊ ነው፤ ፎስፌቱ የሦስቱ አገሮች ነው። ምክር ቤቱ ይመክራል፣ እነሱ ይወስናሉ።

ደሮበርት ያደረጉት ነገር ቢኖር ይህን ደካማ ምክር ቤት የድርድር ጠረጴዛ ማድረግ ነው። ናውሩ በተባበሩት መንግሥታት የሞግዚት አስተዳደር ሥር ስለነበረች አቤቱታ የሚሰማ ቦታ ነበራት። ኒውዮርክ ድረስ ሄዱ፤ የኢኮኖሚ ባለሙያ አማካሪዎች ያዙ፤ የቶኑን ዋጋ፣ የቀረውን ክምችት፣ የሚያልቅበትን ዓመት በቁጥር ይዘው ቀረቡ። እንደ ኢኮኖሚክስ ተመራቂ የምወድላቸው ይህን ነው። ተበደልን ብሎ ከማልቀስ ይልቅ ስንት እንደተወሰደ ቆጥሮ መቅረብ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አውስትራሊያ አንድ ሐሳብ አመጣች። ፎስፌቱ ሲያልቅ ደሴቷ መኖሪያ አትሆንም፤ ስለዚህ ሕዝቡ በሙሉ ተነስቶ ኩዊንስላንድ አጠገብ ወዳለችው ከርቲስ ደሴት ይዛወር የሚል። ቤት ይሠራላችኋል፣ ሥራ ይኖራችኋል፣ አውስትራሊያውያን ትሆናላችሁ ተባሉ።

እስኪ ራሳችሁን እዚያ አስቀምጡ። ከእግራችሁ ሥር ያለው መሬት እያለቀ ነው። አንድ ሀብታም አገር ሰፋ ያለ ደሴትና ፓስፖርት እየሰጣችሁ ነው። ብዙዎቻችን ሻንጣ ለማዘጋጀት እንሮጥ ነበር።

ደሮበርት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ እዚያ ሄደን ራሳችንን እናስተዳድራለን ወይ? አውስትራሊያ ሉዓላዊነቱን አልሰጥም አለች። በ1964 ናውሩአውያን አንሄድም አሉ። አውስትራሊያዊ መሆን መጥፎ ስለሆነ አይደለም። እዚያ ከሄዱ በአንድ ትውልድ ውስጥ ናውሩአዊ የሚባል ሕዝብ ቀልጦ እንደሚቀር ስለገባቸው ነው። 737 ሆኖ የተመለሰ ሕዝብ ይህ አይጠፋውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1966 አብዛኞቹ ናውሩአውያን የሆኑበት የሕግ አውጪ ምክር ቤት በምርጫ ተቋቋመ። በ1967 ፎስፌቱን ከነማሽኑ ለመግዛት ተስማሙ፤ ዋጋው 21 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር። የገዛ ድንጋይን በገንዘብ መግዛት ያናድዳል፤ ግን ገዙት።

የነጻነት ቀን ምረጡ ሲባሉ የመረጡት ጃንዋሪ 31 ቀን 1968ን ነው። ከትሩክ በተመለሱ በ22ኛ ዓመታቸው፣ በዚያው ቀን።

ምርጫው እንዴት ይሠራል?

ከነጻነቱ አምስት ቀን በፊት 18 የፓርላማ አባላት ተመረጡ። ፓርቲ የለም፤ ሁሉም በግሉ ነው የተወዳደረው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ፕሬዚዳንቱን ሕዝቡ በቀጥታ ሳይሆን ፓርላማው ከመሃሉ ይምረጥ ይላል። ፓርላማው በሜይ 1968 ደሮበርትን መረጠ።

በ1971 የምርጫው ስሌት ተቀየረ። ሐሳቡን ያመጣው በዚያ የፍትሕ ጉዳይ ኃላፊ የነበረ ዴዝሞንድ ዳውዳል የሚባል አየርላንዳዊ ስለሆነ ስሌቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። መራጩ አንድ ሰው መርጦ አይሄድም፤ በምርጫ ጣቢያው ያሉትን ዕጩዎች በሙሉ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ያስቀምጣል። አንደኛ ያደረገው ሙሉ አንድ ነጥብ ያገኛል። ሁለተኛው ግማሽ፣ ሦስተኛው ሲሶ፣ አራተኛው ሩብ፣ እያለ ይቀጥላል። ነጥቡ ይደመርና ብዙ ያገኙት ያልፋሉ። ድምፅ መስጠትም ግዴታ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ሁሉም ሰው የሚተዋወቅበት አገር ነው። አንዱ ዕጩ አጎትህ ነው፣ ሌላው አስተማሪህ፣ ሦስተኛው ጎረቤትህ። አጎትህን አንደኛ ብታደርግም የተሻለ ነው ለምትለው ሰው ግማሽ ነጥብ መስጠት ትችላለህ። 100 ሰው ሁለተኛ ያደረገው ዕጩ ከእነሱ የሚያገኘው ነጥብ 50 ሰው አንደኛ ያደረገው ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ዕጩው የራሱን ወገን ብቻ ይዞ ሌላውን ማስቀየም አያዋጣውም።

ግን ቀዳዳም አለው። ስሌቱ ጥሩ ሰው ሊመርጥ ይችላል፤ ጠንካራ ተቃዋሚ ግን አይፈጥርም። 18 ሰዎች በግል ይመጣሉ፣ ፓርላማ ገብተው በዝምድና፣ በወዳጅነት፣ በቅሬታ ይቧደናሉ። ይህ በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

ሀብት በድንገት ሲመጣ

በ1970 ናውሩ ፎስፌቷን ሙሉ በሙሉ ተረከበች። በ1970ዎቹ አጋማሽ የዓለም ዋጋ ሲሰቀል ያቺ ትንሽ ደሴት በነፍስ ወከፍ ገቢ ከዓለም ቁንጮዎች ተርታ ገባች። ግብር የለም። ሕክምና ነጻ ነው። ትምህርት ነጻ ነው፤ ልጆች አውስትራሊያ ድረስ ተልከው በመንግሥት ወጪ ይማራሉ።

ደሮበርት ፎስፌቱ እንደሚያልቅ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ለዚህ መፍትሔው በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነበር። የሚያልቅ ሀብት ካለህ ገቢውን አትበላውም፤ ከፊሉን ወደማያልቅ ሀብት ትቀይረዋለህ። ቤት፣ አክሲዮን፣ ቦንድ ትገዛና ድንጋዩ ሲያልቅ ከትርፉ ትኖራለህ። ለዚህ የፎስፌት ገቢ አደራ ፈንድ ነበራቸው። በ1977 ሜልቦርን ከተማ መሃል 52 ፎቅ ያለው የናውሩ ሕንፃ ተጠናቀቀ። በወቅቱ ከከተማዋ ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ ነበር። አየር መንገድም አቋቋሙ፤ የመርከብ ድርጅትም።

ችግሩ ሐሳቡ ላይ አልነበረም፤ የሚቆጣጠረው ላይ ነበር። አየር መንገዱ ብዙ ጊዜ ባዶ ወንበር ይዞ እየበረረ ኪሳራውን መንግሥት ይሸፍናል። የፈንዱን ገንዘብ የሚያስተዳድሩ የውጭ አማካሪዎች በዙ። ሕዝቡስ? ግብር የማይከፍል ሰው ደረሰኝ አይጠይቅም። ገንዘቡ ከኪሱ ሲወጣ ስላላየ የት እንደሄደ ለማወቅ አይቸኩልም። የፓርላማ አባሉም ፓርቲ፣ ጥናት ክፍል፣ ጠንካራ ኦዲት የለውም። ያለው መሣሪያ አንድ ነው፤ ፕሬዚዳንቱን በድምፅ መጣል።

እሱንም ተጠቀሙበት።

መውደቅ፣ መነሳት

በዲሴምበር 1976 ከምርጫ በኋላ ፓርላማው ደሮበርትን ትቶ በርናርድ ዶዊዮጎን መረጠ። ዶዊዮጎ የ30 ዓመት ወጣት ነበር። ትሩክን ያየው ትውልድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን ለአዲሱ ለቀቀ። ነጻነቱን ያመጡት ሰው ተነሱና ተራ የፓርላማ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

አኩርፈው ቤታቸው አልገቡም። ቁጥር መቁጠር ጀመሩ። በኤፕሪል 1978 ዶዊዮጎ የፓርላማውን ድጋፍ አጥቶ ወረደ። ላጉሞት ሃሪስ ተተካ፤ እሱ የቆየው ሳምንታት ብቻ ነው። በሜይ ደሮበርት ተመልሰው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዶዊዮጎና ሃሪስም አልታሰሩም፣ አልተሰደዱም። እነሱም በተራቸው ፓርላማ ተቀምጠው መቁጠር ቀጠሉ።

1986 ደግሞ ሌላ ድራማ ነው። በሴፕቴምበር ደሮበርት በበጀት ድምፅ ተሸንፈው ለቀቁ። ኬናን አዲያንግ ገባ፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ወደቀ፤ ደሮበርት ተመለሱ። በዲሴምበር ምርጫ ተደረገ። አዲያንግ እንደገና ገባ፤ አሁንም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወደቀ፤ ደሮበርት ተመለሱ። ፓርላማው እኩል ለእኩል ስለተሰነጠቀ በጃንዋሪ 1987 እንደገና ምርጫ ተጠራ፤ በዚህኛው ደሮበርት አብላጫ አገኙ። በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ምርጫና አራት የፕሬዚዳንት ቅያሬ።

ይህን ሳነብ ሁለት ስሜት ነው የተሰማኝ። አንደኛው አድናቆት ነው። ማንም ጠመንጃ አላነሳም፤ የተሸነፈው ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ሁለተኛው ቁጭት ነው። ያ ሁሉ ብልሃት ማን ይቀመጥ የሚለው ላይ ሲያልቅ፣ ፈንዱ ውስጥ ስንት ቀረ የሚለው ጥያቄ ጠያቂ አጥቷል። የመንግሥት መቀያየር በራሱ ቁጥጥር አይደለም። ሰው ይቀየራል፣ የሂሳብ መዝገቡ ግን ሳይከፈት ይተላለፋል።

ሔግ

ደሮበርት በመጨረሻ ዘመናቸው ወደ አሮጌው ጥያቄ ተመለሱ። ድንጋዩ የተቆፈረበት የደሴቲቱ መሃል እንደ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ነጭ የኖራ ድንጋይ ብቻ ቀርቶበታል። አይታረስም፣ አይኖርበትም። ያበላሸው ማን ነው? ማንስ ያስተካክል?

በ1986 መንግሥታቸው ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ። የመሩት ስሪላንካዊው የሕግ ሊቅ ክሪስቶፈር ዊራማንትሪ ናቸው። በሜይ 1989 ናውሩ አውስትራሊያን ሔግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ይህ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ የከሰሱበት ያው ፍርድ ቤት ነው። የሁለቱም ክስ ጭብጥ ይመሳሰላል፤ አደራ ተቀባይ በአደራው ምን ሠራ የሚል።

በክሱ ውስጥ ግን የማይመች ሐቅ አለ። ናውሩ የጠየቀችው ከነጻነት በፊት ለተቆፈረው መሬት ነው፤ እሱም ከደሴቲቱ ሲሶ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የተቆፈረው በናውሩ መንግሥት ውሳኔ ነው፤ አብዛኛውም በራሳቸው በደሮበርት ዘመን። ገዝተው ያስቀሩትን ድንጋይ ራሳቸውም ሸጠውታል። ሌላ ምን የሚሸጥ ነበር ብትሉኝ መልስ የለኝም። ግን ሐቁ ይህ ነው።

ክሱ ከቀረበ ከሦስት ወር በኋላ፣ በኦገስት 1989፣ ፓርላማው በደሮበርት ላይ የመተማመኛ ድምፅ ነፈገ። ኬናስ አሮይ ተተኩ። የአሁኑ አወራረድ መመለሻ አልነበረውም። ደሮበርት የቦኤ ምርጫ ክልል ተወካይ ሆነው ፓርላማ ውስጥ ቀጠሉ።

ጁን 26 ቀን 1992 የሔግ ዳኞች ብይን ሰጡ። አውስትራሊያ ጉዳዩ አይታይብኝም ብላ ያቀረበችውን መቃወሚያ ውድቅ አድርገው ክሱ እንዲቀጥል ወሰኑ። ድምፁ ስንት ለስንት ነበር? ዘጠኝ ለአራት። ሕይወታቸውን በሙሉ ዘጠኝ ድምፅ ሲቆጥሩ የኖሩት ሰው ትልቁን ዘጠኝ ያገኙት ከአገራቸው ፓርላማ ውጭ ነው።

ከ19 ቀን በኋላ፣ ጁላይ 15 ቀን 1992፣ ሜልቦርን ውስጥ አረፉ። ዕድሜያቸው 69 ነበር። በቀጣዩ ዓመት አውስትራሊያ ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማምታ 107 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመክፈል ፈረመች።

የቀረው

ከሞታቸው በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ1 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ የነበረው ፈንድ በመጥፎ ኢንቨስትመንት፣ በብድርና በማጭበርበር ተበላ። በ1993 ለንደን ላይ ስለ ሊዮናርዶ ዳቪንቺ የተሠራ የሙዚቃ ቲያትር ሁሉ በናውሩ ገንዘብ ተደግፎ ነበር፤ ቶሎ ከመድረክ ወረደ። የሜልቦርኑ ሕንፃ በ2004 ለዕዳ ተሸጠ። ከ2001 ጀምሮ ናውሩ አውስትራሊያ የማትፈልጋቸውን ጥገኝነት ጠያቂዎች በክፍያ ማቆያ ሆነች። ከርቲስ ደሴት አንሄድም ብላ ሉዓላዊነቷን ያስከበረች አገር፣ ሉዓላዊነቷን አከራይታ መኖር ጀመረች።

ታዲያ ደሮበርት ተሳክቶላቸዋል ወይስ ወድቀዋል?

እኔ ሁለት መዝገብ ነው የማየው። አንደኛው ላይ 737 ተብሎ ይጀምርና ዛሬ ከ10,000 በላይ ሰው የሚኖርበት፣ የራሱ ባንዲራና የራሱ ፓርላማ ያለው አገር ላይ ያበቃል። ናውሩ እስከ ዛሬ በየሦስት ዓመቱ ትመርጣለች፤ በዚያው በግማሽና በሲሶ ስሌት። ይህ መዝገብ ትርፍ ነው።

ሁለተኛው የገንዘቡ መዝገብ ነው። ሀብትን ከባዕድ እጅ ማስመለስ አንድ ሥራ ነው። የተመለሰውን በየዓመቱ ቆጥሮ ለሕዝብ ማሳየት ሌላ ሥራ ነው። ደሮበርት በመጀመሪያው ተወዳዳሪ አልነበራቸውም። ሦስት ትልልቅ መንግሥታትን እያንዳንዷን ቶን አስቆጥረዋል። ለራሳቸው መንግሥት ግን ያንኑ ያህል የሚቆጥር ሰው አላስቀመጡም።

ለእሱም ቢሆን ዘጠኝ ድምፅ ይበቃ ነበር።